ወንድሜ ነቀምት ላይ የተጫወተው ጨዋታ

ወለጋን ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ መሄጃውም መመለሻውም ተደምሮ ስምንት ቀን። በስምንት ቀን አገር አይታወቅም። እዚያ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ይህን ቢያነቡ የሳትኩትን ያርሙልኝ። የምጽፈው ግን ለእነሱ አይደለም። የምጽፈው ከጉለሌ ወጥተው ሆለታን ላላለፉ ጎረቤቶቼ ነው፤ እነሱ «ወለጋ እንዴት ያለ ነው?» እያሉ ሲጠይቁኝ ዓመታት አለፉ፣ እኔም በመንገድ ላይ በእርሳስ የሞነጫጨርኩት ደብተር እየደበዘዘ ሄደ። ሳይጠፋ ልገልብጠው።

የሄድንበትን ምክንያት አስቀድሜ ካልተናገርኩ ግን የቀረው ሁሉ አይገባም።

የታላቅ ወንድሜ እንጀራ ቴኒስ ነበር። ቴኒስ አይቶ ለማያውቅ፦ በመካከሉ መረብ በተዘረጋበት ሜዳ ላይ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ቆመው፣ በጅማት በተወጠረ ራኬት ኳስ ይመላልሳሉ፤ ኳሷን ከኖራው መስመር ውጭ ያሳረፈ ነጥቡን ያጣል። ወንድሜ አንድ የፈረንጆች ክበብ ውስጥ በሃያ ዓመቱ ሜዳ ደልዳይ ሆኖ ተቀጠረ። ጠዋት ጠዋት ውሃ ያርከፈክፋል፣ ከባዱን መዳመጫ ይጎትታል፣ መስመሩን በኖራ ያሰምራል። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ፈረንጅ የሚጫወተው ጓደኛው ሳይመጣ ቀረበትና ወንድሜን ራኬት አስያዘው። ከዚያች ቀን በኋላ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ራኬቱን አላስቀመጠም። ክበቡም ደመወዝ ቆርጦለት ከአባላቱ ጋር እንዲጫወት አደረገው።

ሥራው ማሸነፍ አልነበረም። ሥራው አባሉ ደስ ብሎት ወደ ቤቱ እንዲመለስ ማድረግ ነበር። አንዱ ነጋዴ ሆዱ ስለማያስጎነብሰው ኳሷ ወገቡ ላይ ትምጣለት፤ የአንዱ ሹም ሚስት በግራ መምታት ስለማትችል በቀኟ ትምጣላት። ወንድሜ ይህን ሁሉ በልቡ መዝግቦ፣ ማን በስንት እንደሚያሸንፈው ጭምር አውቆ ይጫወት ነበር። ዓመታዊው ዋንጫ ሲደርስ ግን «ለመጫወት ደመወዝ የሚቀበል አይመዘገብም» የሚል ደንብ ነበርና፣ ሌሎቹ ሲወዳደሩ እሱ መስመር ያሰምራል። በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ውስጥ ተቆጥሮ የተጻፈለት አንድ ጨዋታ አልነበረም።

እኔን ያስተማረኝ በዚህ ሥራው ነው። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ስምንት ዓመቴ፣ ቁመታቸው ከወገቤ ከማያልፍ ልጆች ጎን ተቀምጬ ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ነጠላ ሰረዝ እንኳ አይዘልም፤ እንግሊዝኛ እንደ ነገሩ ማንበብ ስጀምር የቴኒስን ደንብ ከክበቡ ጥራዝ ወደ አማርኛ ገልብጬ አነበብኩለት። እስከ ዛሬ የአንድ ትምህርት ቤት መጻሕፍት ጠባቂ ነኝ።

በዚያ ዓመት የግራ ጉልበቱ ያብጥ ጀመር። ሐኪሙ «ከእንግዲህ አንድ ክረምት አያሻግርህም» አለው። በዚሁ ሰሞን ከነቀምት ደብዳቤ መጣ። የጻፉት መምህር ገመቹ የሚባሉ፣ ለመምህርነት ሥልጠና አዲስ አበባ ሳሉ በክበቡ አጥር ሥር ቆመው ወንድሜን ያዩት የነበሩ ሰው ናቸው። በሚስዮኑ ግቢ ያለው ሜዳ መታደሱን፣ ትምህርት ቤታቸው በጥር ወር ጨዋታ እንዳለው ገልጸው፣ «የኛ ደንብ ማን ምን ሠርቶ እንደሚበላ አይጠይቅም፤ መጥተው ቢጫወቱ በመዝገባችን እንጽፋለን» ይላሉ።

ወንድሜ ደብዳቤውን ሦስት ጊዜ አስነበበኝ። ሦስተኛው ላይ፣

«ትሄጃለሽ» አለኝ።

«እኔ ምን ልሠራ?»

«ትዳኛለሽ።»

«እህት ወንድሟን ስትዳኝ ነውር ነው፣ ወንድም ጋሼ።»

«ደንቡን የሚያውቅ ሌላ ሰው ካለ አምጪልኝ!»

አላገኘሁለትም።

ማክሰኞ። ከመርካቶ የተነሳነው ገና ሳይነጋ ነው። ሾፌሩ መሪውን ሳይጨብጥ ሦስት ጊዜ አማተበ፤ እኔም አብሬው አማተብኩ። ወንድሜ ራኬቱን በአሮጌ ጋቢ ጠቅልሎ እንደ ሕፃን አቅፎታል። ከፊታችን የተቀመጠ ነጋዴ ዘወር ብሎ አየውና «የታመመ ልጅ ነው እንዴ?» ቢለው፣ «አዎ፣ እስከ ነቀምት ይተኛል» አለው። ነጋዴው «እግዜር ይማረው» ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ፤ እስከ ጊንጪም ድረስ ጮክ ብሎ አላወራም። እኔ አፍሬ በመስኮት አየሁ።

በፍል ውሃዋ የምትታወቀው ሀገረ ሕይወት የደረስነው ሁለት ጎማ ፈንድቶብን፣ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። የተከራየነው ክፍል ግድግዳው በጋዜጣ የተለበጠ ስለነበር ትኋኖቹን እያየሁ የሁለት ዓመት ወሬ አነበብኩ። የኛ ሰፈር ትኋን ቢያንስ መብራት ይፈራል፤ የዚህ አገሩ አይፈራም። ወንድሜ ጉልበቱን በፍል ውሃው ለመዘፍዘፍ ሄዶ ተዘግቶ አገኘው። ዘበኛው ግን እያነከሰ ሲመጣ አይቶ፣ «ጉልበት ነው? የኔም ጉልበት ነው» ብሎ ከፈተለት፣ ራሱም ሱሪውን ሰብስቦ አጠገቡ ተቀመጠ። ሁለቱ እግራቸውን ውሃ ውስጥ ከተው ስለ ጉልበት ሲያወሩ እኔ ደፉ ላይ ቆሜ ጫማቸውን እጠብቅ ነበር። አዲስ አበባ ፍል ውሃ ቢሆን ተራ ጠብቁ እንባል ነበር።

ረቡዕ። ጉደርን ተሻግረን ጌዶ ስንወጣ ብርዱ ከእንጦጦ የባሰ ነው፤ ጋቢውን ከራኬቱ ላይ ገፍፌ ልለብሰው ምንም አልቀረኝም ነበር። ጌዶ ላይ ሰው በዛና ረዳቱ ዕቃ ሁሉ ጣራ ላይ ይውጣ አለ። ወንድሜ ተከራከረ። «ጋሼ፣ ታማሚው ንፋስ ቢያገኝ ይሻለዋል!» ብሎ የትናንትናው ነጋዴ በሳቅ ፈነዳ፤ ነገሩን ደርሶበት ኖሯል። ራኬቱ ጣራ ላይ ወጣ።

ባኮ ደግሞ ምድጃ ነው። አንድ ጠዋት ከእንጦጦ ብርድ ወደ አዋሽ ሙቀት እንደ መውረድ ያለ ነው። ሲሬ ደርሰን ዕቃ ሲወርድ አንዲት ሴት በኦሮምኛ አምላኳን ጠርታ ጮኸች፦ «ዋቃዮ! ቅቤዬ!» የጫነችው ቅል ክዳኑ ተነስቶ፣ ቅቤዋ በባኮ ሙቀት ቀልጦ፣ በወንድሜ ጋቢ ላይ ፈስሷል። ጋቢውን ስንገልጠው ራኬቱ ከእጀታው እስከ ጅማቱ ተነክሯል፤ ቅቤው ላይ አቧራ ተቦክቷል።

ሴትዮዋ፣ አዴ ዲንቄ ይባላሉ፣ ቅቤያቸውን ረስተው ራኬቱን ያዙ። «ይሄ ምንድን ነው፣ ክራር ነው?»

«ክራር ነው» አለ ወንድሜ። «ዛሬ ረቡዕ መሆኑን ረሳና ጾም ገደፈ።»

አዴ ዲንቄ ሳቅ አልመጣላቸውም። በደል እንደ ፈጸመ ሰው ጭንቅላታቸውን ይዘው፣ «ኮቱ፣ ኮቱ» እያሉ፣ ኑ ማለታቸው ነው፣ ወደ ቤታቸው ይዘውን ገቡ። አውቶቡሱም እዚያው ሊያድር ነበርና ተከተልናቸው። እኔ በውሃ ይታጠብ ብዬ ልነሳ ስል ወንድሜ «ጅማት በውሃ ይሞታል» ብሎ ጮኸ። አዴ ዲንቄ «ውሃ ቅቤ አያውቅም፣ የሚያውቀው ዱቄት ነው» ብለው የገብስ ዱቄት በሰፌድ አመጡ። እሳቸው፣ ምራታቸውና እኔ ክብ ሠርተን እያንዳንዱን ጅማት በሁለት ጣታችን መሐል በዱቄት እያሸን አደረቅነው። በቁመት አሥራ ስምንት፣ በአግድም ሃያ። ቆጥሬዋለሁ። ወንድሜ በሩ ላይ ቆሞ የገዛ ልጁ ሲገረዝ እንደሚያይ አባት ፊቱን ያጨማድድ ነበር።

ሲያልቅ ጩምቦ ቀረበ፤ ወፍራም ቂጣ ነው፣ ቅቤና በርበሬ የጠገበ። «ኛዱ፣ ኛዱ» ይላሉ፣ ብሉ ማለት ነው። ጾም ነን ስንላቸው ባለቤቲቱ እንደገና ጭንቅላታቸውን ያዙ። ቀኑ ለሳቸው ከጠዋት ጀምሮ የቅቤ ቀን ነበረ። የሽምብራ ቆሎና ማር አምጥተው፣ እስክንጨርስ ድረስ ራሳቸው ምንም ሳይቀምሱ ተቀመጡ።

ሐሙስ። ከሲሬ ወደ ነቀምት ስንወጣ አየሩ ከኛ ከተማ ጋር ይመሳሰላል፤ ባሕር ዛፉም ቆርቆሮውም። አፈሩ ብቻ የተለየ ነው፤ ቀይ ነው፣ እስከ ጫማ ክር ድረስ ይገባል። መምህር ገመቹ አውቶቡስ ማቆሚያው ላይ ከረባት አስረው ይጠብቁናል። ሃያ ስምንት ዓመት ቢሆናቸው ነው፤ ረዥም፣ እጀ ረዥም። ወንድሜ ሰላም ሲላቸው እጃቸውን እንጂ ፊታቸውን አላየም። በኋላ «ክንዱ ከኔ አንድ ስንዝር ይረዝማል» አለኝ።

ቤታቸው ጨለለቂ የሚባል ሰፈር ነው። ከማቆሚያው እስከዚያ በእግር የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው፤ አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀብን። ያገኘነው ሁሉ ቆሞ፣ «አካም ቡልታኒ? ነጋ?» ብሎ ስለ አዳራችን፣ ስለ ቤተሰባችን፣ ስለ ከብታችን ይጠይቃል። ከብት የለንም። ቢሆንም ደህና ናቸው አልን። ጉለሌ ውስጥ ለአሥር ዓመት የማውቃት ጎረቤቴ ከዚህ ሲሶውን ጠይቃኝ አታውቅም። መምህሩ ለሁሉም «ኬሱማ ኮ» ይላሉ። እንግዶቼ ናቸው ማለታቸው ነበር፤ ቃሉን ሲሰሙ የሰዎቹ ፊት ወዲያው ይለወጣል፣ ዓይናቸው ወደ እጃችን ይሄዳል፣ የያዝነውን ዕቃ ይቀሙናል። ቤት ስንደርስ በእጃችን የቀረ ነገር አልነበረም። ራኬቱን ሳይቀር አንድ የማናውቃቸው አዛውንት ተሸክመውታል።

ዓርብ። ወንድሜ ሜዳውን ሊያይ በጠዋት ሄደ። ከሚስዮኑ ቤተ ክርስቲያን ጀርባ ነው፤ ቀይ አፈር በደንብ የተዳመጠ፣ መረቡ የዓሣ አጥማጅ የመሰለ፣ መስመሩ ግን ጠማማ ነው። «መስመሩን ማን ሠራው?» አለ። መምህር ገመቹ «እኔ ነኝ» አሉ አፍረው። ወንድሜ ኮቱን አውልቆ ሰቀለ።

ኖራ ልንገዛ ገበያ ወረድን። የጉራጌ አገር ሰው የሆኑት ባለ ሱቅ፣ «ለቤት ልስን ነው?» አሉ።

«ለመስመር ነው» አለ ወንድሜ።

«የወሰን ክርክር አለባችሁ?»

«አለብን። ነገ ይቆረጣል።»

«ኧረ አላህ ያስታርቃችሁ» ብለው አንድ ጣሳ ጨምረው ሰጡን።

ወንድሜ ገመድ ወጥሮ፣ ጉልበቱን በጨርቅ አስሮ፣ በእንብርክክ እየሄደ መስመሩን ሁሉ እንደገና አሰመረው። በሃያ ዓመቱ ክበቡ የገባ ጊዜ የሚሠራው ሥራ ነበር። የዚያን ጊዜ ምሳ ይዤለት እየሄድኩ ከአጥር ውጭ ቆሜ የማየው ጀርባ ይኸው ጀርባ ነው፤ ሸሚዙ ብቻ ሌላ ነው። የዚያን ጊዜ ማንበብ ስለማልችል የክበቡ በር ላይ «አባል ያልሆነ አይገባም» ተብሎ መጻፉን አላውቅም ነበር፤ ዘበኛው ነበር የሚከለክለኝ። አሁን ከሜዳው ዳር ቆሜ ማንም አልከለከለኝም።

የመምህሩ ባለቤት ጫልቱ በምሳ ሰዓት ሁለት ድስት አቀረበች። በሁለቱም አንጮቴ ነው፤ ድንች ይመስላል፣ ጣዕሙ ግን ወደ ባቄላ ያደላል። አንደኛው በቅቤ ነው። ሁለተኛው ምንም የለበትም። የነሱ ሃይማኖት ዓርብን አይጾምም፤ እሷ ግን እኛ እንደምንጾም ከማን እንደ ሰማች እንጃ፣ ለብቻ ቀቅላ ጠበቀችን። ከሁሉም የገረመኝ ባለቅቤውን ለልጆቹ ሰጥታ፣ እሷና ባሏ ከኛ ድስት መብላታቸው ነው። «አብሮ ካልተበላ ምን ጣዕም አለው» አለችና በዚያው አለፈ።

ከሰዓት በኋላ መስመር የሚጠብቁት ሰዎች መጡ። ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው፤ ዋናው ኦቦ ዋቅጅራ የሚባሉ፣ ያንን ራኬት ተሸክመው ቤት ያደረሱልን አዛውንት። ደንቡን አንድ በአንድ ነገርኳቸው። ኳሷ ኖራውን ከነካች ገብታለች፤ ካልነካች ወጥታለች። እጃቸውን ዘርግተው ይናገራሉ፤ የመጨረሻው ቃል ግን የዳኛዋ ነው። ኦቦ ዋቅጅራ «ኤዬ፣ ኤዬ» እያሉ፣ እሺ ማለታቸው ነው፣ ሰሙኝ።

«ብትጠራጠሩስ ምን ታደርጋላችሁ?» አልኳቸው፣ ገብቷቸው እንደሆነ ለመፈተን።

«ለእንግዳው እንላለና» አሉ።

ቀልድ መሰለኝ። ሳቅሁ፤ እሳቸውም አብረውኝ ሳቁ።

ቅዳሜ። የሰው ብዛት፣ የነቀምት ሕዝብ ሁሉ የመጣ ይመስል ነበር። ለኔ ጠረጴዛ ላይ ወንበር ተደርቦልኛል። ከዚያ በፊት እንዲህ ከፍ ብዬ ተቀምጬ አላውቅም። ወንበሩ ይወላገድ ስለነበር በትንሹ በተነፈስኩ ቁጥር ሕዝቡ «ዋይ!» ይላል።

ነጥብ አሥራ አምስት፣ ሠላሳ፣ አርባ እየተባለ ይቆጠርና ከአርባ የሚቀጥለው ጌም ይሆናል፤ ስድስት ጌም ቀድሞ ያገኘ አንድ ዙር ይወስዳል፣ አምስት ለአምስት ከሆኑ ግን በሁለት ጌም መብለጥ አለበት፤ ሁለት ዙር የወሰደ ያሸንፋል። የመጀመሪያውን ዙር ወንድሜ ስድስት ለሁለት ወሰደው። ሕዝቡ እልል አለ። እኔ ግን ነጥቡን ስጽፍ አላመንኩትም። መምህር ገመቹ ያ ረዥም ክንዳቸው እያለ ኳሷን ወገብ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ለስለስ አድርገው ይሰዱለታል። ሦስት ጊዜ ደግሞ ወንድሜ የመታት ኳስ በጨረፍታ የወጣች ሲመስለኝ፣ የኦቦ ዋቅጅራ እጅ ቀድሞ «ገብታለች» ይላል። ቦታው ከኔ ራቅ ስለሚል እርግጠኛ ካልሆንኩ አልናገርም ብዬ ነጥቡን ጻፍኩ።

ወንድሜ ላቡን ሳይጠርግ ወደ መረቡ ሄደ። እኔ ብቻ ነኝ የሰማሁት፤

«መምህር፣ አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሠራሁት ሥራ ይሄ ነው። ኳሷን ሰው ክንድ ላይ ማስቀመጥ። በኔ ላይ አይሠራም።»

መምህሩ አንገታቸውን ደፉ። «ጋሼ፣ እንግዳችን ነዎት። እነዚህ አባቶች ተቀምጠው እያዩኝ እንግዳ ልምታ?»

«ያን ሁሉ አገር አቋርጬ የመጣሁት ልትመታኝ ነው። ካልቻልክ እኔ እመታሃለሁ። ይኸው ነው።»

«ቅር አይልዎትም?»

«አሁን ነው ቅር ያለኝ!»

ሁለተኛው ዙር ሌላ ጨዋታ ሆነ። መምህር ገመቹ ሲለጓት ኳሷ ትጮኻለች። ወንድሜ ሲሮጥ አየሁት። እስከዚያ ቀን ክበብ ውስጥ ሲሮጥ አይቼው አላውቅም፤ መሮጥ ሳያስፈልገው ነበርና የሚጫወተው። ያንን ዙር መምህሩ ስድስት ለአራት ወሰዱት። ሕዝቡ ተጨነቀ፤ አንዲት ሴት «ኧረ ገመቹ፣ አታፍርም?» ብላ ጮኸች። መምህሩም አፍረው ነበር፤ ግን መቱ።

ሦስተኛው ዙር አምስት ለአምስት ደረሰ። ወንድሜ በየነጥቡ መካከል ግራ ጉልበቱን በራኬቱ ጫፍ ይነካካዋል። ስድስት ለአምስት፤ መምህሩ ይመራሉ። አርባ ለሠላሳ፤ ለማሸነፍ አንድ ነጥብ ቀራቸው። ከዚያ ኳሷ ብዙ ተመላለሰች። አሥራ ሰባት ምት ቆጠርኩ። በአሥራ ስምንተኛው ወንድሜ እንደምንም ደርሶ ረዥም ሰደዳት፤ በመምህሩ ራስ ላይ አልፋ ከኋለኛው መስመር ዘንድ አረፈች።

ኦቦ ዋቅጅራ ከወንበራቸው ተነስተው ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። «ገብታለች!» ሕዝቡ በእልልታ ሜዳውን አናወጠው።

ከጠረጴዛው ወረድኩ። ቀሚሴን ሰብስቤ፣ ሜዳውን አቋርጬ እስከ መስመሩ ሄድኩ፤ እልልታው በየእርምጃዬ እያነሰ መጣ። ጎንበስ አልኩ። ቀዩ አፈር ላይ የኳሷ ምልክት እንደ ማኅተም ተቀምጧል። ትናንት በእንብርክክ የተሠራው ኖራ አልተነካም። በመካከላቸው ጣቴን አስቀመጥኩ። ሁለት ጣት።

«ወጥታለች» አልኩ።

ኦቦ ዋቅጅራ ጠጋ ብለው በዝቅታ፣ «ልጄ፣ ወንድምሽ አይደለም ወይ?»

«ነው።»

«ታዲያ?»

«ኳሷ ወጥታለች፣ አባቴ።»

ወንድሜ መረቡ ዘንድ ሄዶ የመምህር ገመቹን እጅ ጨበጠ። ወደ እኔ አላየም። ኮቱን አንስቶ፣ ለሁሉም እጅ ነስቶ፣ እያነከሰ ወጣ።

እሑድ። ከሚስዮኑ ቤተ ክርስቲያን የሚመጣው መዝሙር በአራት ድምፅ ነው፤ ከኛ ዜማ ጋር አይቀራረብም፣ ግን ከደጅ ሆኜ ሳዳምጠው ልቤን አሳርፎት ነበር። ወንድሜ ጉልበቱን አስሮ ተቀምጧል። ከእኔ ጋር «ውሃ አምጪ»፣ «እሺ» ከማለት አላለፍንም። ይህ ሰው ፊደል ያስቆጠረኝ ሰው ነው። ባላየሁ ብዬ ማለፍ ስችል አላለፍኩለትም፤ ነጥቡ ቢሰጠው እኩል ሆነው ይቀጥሉ ነበር፤ ማን ያውቃል። እንዲህ እያልኩ ዋልኩ።

ከሰዓት በኋላ ኦቦ ዋቅጅራ ሌሎች አራት ሽማግሌዎች አስከትለው መጡ፤ የማር እንስራ ይዘዋል። መምህር ገመቹም የትምህርት ቤቱን መዝገብ በብብታቸው ይዘው ከኋላ ቆመዋል። ሽማግሌው ቆመው ተናገሩ። እንግዳ በአገራቸው ተሸንፎ መሄዱ ከብዷቸዋል፣ ይቅርታ ሊጠይቁ መጥተዋል። «ስለዚህ ተመካከርን» አሉ። «ይህ ነገር መዝገብ ላይ አይጻፍ። እኛም አንናገረው። እንግዳችን መጡ፣ ተጫወቱ፣ ሄዱ። በቃ።»

መምህር ገመቹ «እኔም እስማማለሁ» አሉ፣ መሬት መሬት እያዩ።

ወንድሜ ጉልበቱን ይዞ ለመነሳት ሞከረ፤ ተቀመጥ አሉት፣ አልተቀመጠም።

«አባቶቼ» አለ። «የናንተን ደግነት እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። እኔ ግን ሰው ደስ ይበለው ብዬ በየቀኑ ስሸነፍ ኖሬአለሁ። አንዱም አልተጻፈም። የትናንቱ የኔ ነው። የቻልኩትን ሁሉ ሠርቼ ነው የተሸነፍኩት። ስሜ ካልተጻፈ ግን ለምን መጣሁ?»

ሽማግሌዎቹ ተያዩ። በኦሮምኛ ጥቂት ተነጋገሩ። ኦቦ ዋቅጅራ በመጨረሻ መዝገቡን ከመምህሩ እጅ ተቀብለው፣ ከመምህሩም ከወንድሜም አልፈው ለእኔ ሰጡኝ። «ያየችው እሷ ናት፤ እሷ ትጻፍ።»

ጻፍኩ። የሁለቱንም ስም ከነአባታቸው፣ ሦስቱን ዙር፣ አሸናፊውን። ቀለሙ እስኪደርቅ እፍ አልኩበት። ወንድሜ ጎንበስ ብሎ አየው። ማንበብ የሚችለው ስሙንና ቁጥር ነው፤ ጣቱን ስሙ ላይ አድርጎ ቆየ።

ሰኞ። ስንሸኝ እስከ ባኬ ጃማ ሰፈር ድረስ አብረውን የሄዱት ሰዎች ሃያ ይሞላሉ። ማሩ፣ አንጮቴው፣ ለመንገድ የተጋገረው ቂጣ ሁሉ ጣራ ላይ ተጫነ፤ ራኬቱ ግን ጭናችን ላይ ነው። ሲሬን አለፍን፣ ባኮን አለፍን። ወንድሜ በመስኮት ያያል። እኔ ደብተሬን ገልጬ ምንም አልጻፍኩም።

ጌዶ ስንደርስ ሾፌሩ ጉም ወርዷልና እናድራለን አለ፤ ገና አሥራ አንድ ሰዓት ነበር። ያረፍንባት ምግብ ቤት ባለቤት ወፍራም፣ ጨዋታ ወዳድ ሴት ነበረች፤ ሾርባ እያቀረበች «ከየት ነው፣ ጋሼ?» አለችው።

«ከነቀምት። ቴኒስ ተጫውቼ።»

«እሱ ደግሞ ምንድን ነው?»

ወንድሜ ሾርባውን ገፋ አደረገ። ጠረጴዛውን በእጁ ጠረገና ማንኪያውን በመካከል አጋድሞ መረብ አደረገው፤ ቢላዋውን በዳር አስተኝቶ የኋለኛው መስመር አደረገው። የጨው ዕቃዋ መምህር ገመቹ ሆነች፤ እሱ ራሱ ብርጭቆ ሆነ። የመጀመሪያውን ዙር በሁለት ቃል አሳለፈው። ከሁለተኛው ጀምሮ ግን እያንዳንዱን ነጥብ ነገራት። እኔ የጻፍኩትን እንኳ እየረሳሁ እሱ አይረሳም። ሌሎቹም ተሳፋሪዎች ጠጋ ጠጋ አሉ፤ ሴትዮዋ ወጧ እንዳያርባት ሠራተኛዋን በጩኸት አዘዘችና ወንበር ሳበች።

«አሥራ ስምንተኛው ምት» አለ፣ የዳቦ ፍርፋሪ በጣቱ አንስቶ። «ይቺ ናት። በራሱ ላይ አሳለፍኳት። ሄደች፣ ሄደች...»

«ገባች?» አለች ሴትዮዋ።

«ወጣች።»

«ውይ! ማን አለ?»

በአገጩ ወደ እኔ ጠቆመ። «እሷ። እህቴ ናት።»

ሴትዮዋ አፏን ይዛ አየችኝ። «ምነው አንቺ! የገዛ ወንድምሽን?»

ወንድሜ ሳቀ። ከቅዳሜ ወዲህ ሲስቅ መጀመሪያው ነው። «ወጥታ ነበራ! ከራኬቴ ስትለይ አውቄያታለሁ። እሷ ባትናገር ኖሮ እኔ እናገር ነበር፤ ቀደመችኝ እንጂ» አላት። ከዚያ ፍርፋሪዋን ከቢላዋው ወዲያ አስቀመጠና ርቀቷን በሁለት ጣቱ ለካ። ራሱን ነቀነቀ። «የኔ ጣት ወፍራም ነው። ያንቺን አምጪ» አለኝ።

እጄን ሰጠሁት። ጣቶቼን አንድ በአንድ አስተካክሎ በቢላዋውና በፍርፋሪዋ መካከል አስተኛቸውና ወደ ሴትዮዋ ዞረ።

«ይኸው፤ ይህን ያህል።»